282 ሕንፃ ያፈረሰው ፓርክ እና ደን መሃል ሎጅ የሚያምረን እኛ

የዛሬው ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ባለፈው ዓመት ለአጭር ሥልጠና አሜሪካ ሄጄ ነበር። ሥልጠናው ሲያልቅ ሎስ አንጀለስ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ "ሆሊውድን ላሳይህ?" አለኝ። "ሆሊውድን በፊልም አይቼዋለሁ፤ ዛፎቹን አሳየኝ" አልኩት። ሳቀብኝ። እዚያ አገር አሥራ አራት ዓመት ኖሯል፤ ኡበር እየነዳ ስንቱን ቱሪስት ከኤርፖርት አመላልሷል፤ ሴኮያ ብሔራዊ ፓርክን ግን አንድም ቀን አይቶት አያውቅም። "ዛፍ ለማየት አራት ሰዓት ልንዳ? ኢትዮጵያ ውስጥ ዛፍ ጠፍቶ ነው?" አለኝ። ለቀልድ ነው ያለው። እኔ ግን መልሱን ስለማውቀው ዝም አልኩ።

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስተን ሜዳውንና የብርቱካን እርሻውን አቋርጠን፣ ቪሳሊያን አልፈን፣ ትሪ ሪቨርስ የምትባል ትንሽ ከተማ ደረስን። ከዚያ በኋላ መንገዱ ሽቅብ ነው። ሊማሊሞን የወጣ ሰው ያውቀዋል፤ እየተጠማዘዙ መውጣት፣ ጆሮ ድፍን እስኪል። ጃየንት ፎረስት የሚባለው የዛፎቹ ሠፈር ስትደርሱ ከፍታው ወደ 2,000 ሜትር ነው። ከአዲስ አበባ ትንሽ ዝቅ ይላል።

ጄኔራል ሸርማን የተባለውን ዛፍ ለማየት መኪናችንን ራቅ ካለ ቦታ አቁመን፣ ደረጃ ወርደን፣ በእግር ሄድን። በግንዱ መጠን ከታወቁት ባለአንድ ግንድ ዛፎች ሁሉ በዓለም ትልቁ እሱ ነው። ቁመቱ ወደ 84 ሜትር ነው፤ የ25 ፎቅ ሕንፃ ያህል። የግንዱ ይዘት 1,487 ሜትር ኩብ ተብሎ ተለክቷል። 16 ሜትር ኩብ የሚጭን ሲኖትራክ ብታሰልፉ 93 ያህል ያስፈልጋችኋል። ዕድሜው ቢያንስ 2,200 ዓመት ይገመታል። ንጉሥ ኢዛና አክሱም ላይ ሲነግሥ ይህ ዛፍ የአምስት መቶ ዓመት አዛውንት ነበር ማለት ነው። የአክስቴ ልጅ አንገቱን ቀና አድርጎ ቆየና "በስመ አብ" ብቻ አለ። ከዚያ በኋላ ስለ ቤንዚኑ አላነሳም።

እዚህ ድረስ ያለውን ማንም ሰው ፎቶ ለጥፎ ይጽፈዋል። እኔ የምጽፈው ከፎቶው ስር ስለሚመጣው ኮሜንት ነው።

ኮሜንቱን ታውቁታላችሁ። አንዱ "እኛ አገር ቢሆን ይሄኔ ከሰል ሆኖ ነበር" ይላል። ሌላው "እኛም እንዲህ ዓይነት ቦታ ሞልቶናል፤ ሎጅ ቢሠራበት ዶላር ያዘንብልን ነበር" ይላል። የመጀመሪያው ራሳችንን መስደብ ነው፤ የባሰ ጉዳት የለውም። ሁለተኛው ግን ደን እየጨረሰ ነው። ጠቤም ከሱ ጋር ነው።

መጀመሪያ ስድቡን እናንሳው። አሜሪካኖቹም ቆርጠዋል፤ ያውም ያለ ርኅራኄ። ከፓርኩ ብዙም በማይርቀው ኮንቨርስ ቤዚን በሺዎች የሚቆጠሩ ሴኮያዎች ተጥለዋል። እንጨቱ ተሰባሪ ስለሆነ ዛፉ ሲወድቅ ብዙው እየተፈረካከሰ ባከነ። የሁለት ሺህ ዓመት ዛፍ የአጥር ቋሚና የጣራ ክዳን ሆነ። በ1891 ደግሞ ማርክ ትዌይን የተባለውን ዛፍ የጣሉት ቁራጩን ኒው ዮርክና ለንደን ሙዚየም ወስደው "እውነትም እንዲህ ያለ ዛፍ አለ" ብለው ለማሳየት ነው። ዛፍ መኖሩን ለማስረዳት ዛፉን ገደሉት! ስለዚህ እነሱ ሲፈጠሩ ዛፍ ወዳድ፣ እኛ ሲፈጠር ቆራጮች ነን የሚባል ነገር የለም።

አንድ የሚያስቅም ታሪክ አለ። በ1886፣ አዲስ አበባ በተቆረቆረችበት ዓመት፣ ሶሻሊስቶች እዚያው አካባቢ ካዊያ የሚባል የኅብረት ሠፈር መሥርተው ነበር። ጄኔራል ሸርማንን "ካርል ማርክስ" ብለው ሰይመውት ነበር። በ1890 ፓርኩ ከታወጀ በኋላ ሠፈሩም ፈረሰ፣ ስሙም ቀረ። የእኛው ካርል ማርክስ ስድስት ኪሎ አካባቢ ሐውልቱ እስካሁን ቆሟል፤ በዚህ እንኳ በለጥናቸው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር።

ዛፎቹን ከመጥረቢያ ያዳነው የ1890ው አዋጅ ነው። ከአዋጁ በኋላ ግን ሌላ ጠላት መጣባቸው፤ እኔን የመሰለ ጎብኚ። በ1903 የፓርኩ ኃላፊ ሆኖ የተመደበው ሻምበል ቻርልስ ያንግ ነበር፤ ከባርነት ቤተሰብ ተወልዶ የጦር መኮንን የሆነ ጥቁር አሜሪካዊ። ወታደሮቹን ይዞ ጋሪ የሚያስኬድ መንገድ እስከ ጃየንት ፎረስት አደረሰ። (የአክስቴ ልጅ ይህን ሲሰማ ደረቱን ነፍቶ ነው የተራመደው።) መንገዱ ጥሩ ነበር። ነገር ግን መንገድ ሲደርስ ንግድ ተከትሎ ይመጣል። በ1926 የመኪና መንገዱ ተከፈተ። ከዚያማ ትንንሽ የእንግዳ ቤቶች፣ ምግብ ቤት፣ ሱቅ፣ ካምፕ፣ የፍሳሽ መስመር፣ አስፋልት እየተባለ በዛፎቹ መካከል ከተማ በቀለች። እንግዳው መስኮቱን ሲከፍት ሴኮያ ያያል። ዛሬ እኛ አገር በማስታወቂያ የምናየው የሎጅ ሕልም እኮ ይኸው ነው!

ችግሩ ምን ነበር? ሦስት ነው።

አንደኛ ሥሩ። ሴኮያ እንዲህ ገዝፎ ሥሩ ጥልቅ አይደለም። ከላይ ከላይ፣ በስፋት ነው የሚዘረጋው። መሬቱን መኪና ሲጨፈልቀው፣ አስፋልት ሲሸፍነው፣ በሺህ የሚቆጠር እግር ሲደልቀው ሥሩ ውኃና አየር ያጣል።

ሁለተኛ ቤቱ ራሱ። ዛፍ አጠገብ ቤት ስትሠራ ዛፉ "አደገኛ" ይሆናል። ያዘነበለ ሁሉ እንግዳ ላይ እንዳይወድቅ ይቆረጣል። ለዛፉ ተብሎ የመጣው ቤት ዛፉን ያስቆርጣል።

ሦስተኛ እሳት። ሴኮያ ያለ እሳት አይራባም። ፍሬው ተዘግቶ ለዓመታት ዛፉ ላይ ይቆያል፤ የእሳት ሙቀት ሲነካው ይከፈትና ከስንዴ ቅንጣት የምታንሰው ዘር ትረግፋለች። እሷም ቁጥቋጦው ነዶ ባዶ የሆነ አፈርና ብርሃን ካላገኘች አትበቅልም። አካባቢው ላይ ቤት ካለ ግን እሳት እንዴት ይለቀቃል?

ሁለተኛውን ምክንያት ሳነብ አንድ ሽማግሌ ትዝ አሉኝ። ከሁለት ዓመት በፊት ለዘገባ ከአዲስ አበባ ብዙም ያልራቀ አንድ ደን ሄጄ ነበር። ስሙን አልጠራም፤ ጥበቃው ደመወዛቸውን እንዲያጡ አልፈልግም። በደኑ መሃል "ኢኮ ሎጅ" የሚል ሰሌዳ ቆሟል፤ አራት የሣር ክዳን ቤቶች ተሠርተዋል፤ ጄኔሬተር ይጮሃል፤ ሙዚቃ ይጮሃል። ከአንዱ ቤት ጀርባ ሁለት ሰው ተያይዞ የማያቅፈው የጥድ ጉቶ አየሁ። ገና ትኩስ ነው፤ ሙጫው አልደረቀም።

"አባቴ፣ ይሄን ማን ቆረጠው?" አልኳቸው።

"ወደ ቤቱ አዘንብሏል ተብሎ ነው፣ ልጄ" አሉኝ። ትንሽ ቆዩና "ዛፉ ወደ ቤቱ አልሄደ። ቤቱ ነው ወደ ዛፉ የመጣው" አሉ።

ያን ዘገባ የሚያወጣልኝ አላገኘሁም። "ኢንቨስትመንት ያደናቅፋል" ተባልኩ። ዛሬ እዚህ ጻፍኩት።

አሜሪካኖቹ ጋ እንመለስ። የሴኮያ ፓርክ ኃላፊ የነበረው ኮሎኔል ጆን ዋይት በ1930ዎቹ "እነዚህ ቤቶች ከዛፎቹ መሃል ይውጡ" ብሎ ተነስቶ ነበር። ሎጁን የሚያስተዳድሩት ነጋዴዎች አልፈቀዱም። ጎብኚውም አልፈቀደም፤ "አባቴ ያረፈበት፣ እኔ የተሞሸርኩበት ቤት" አለ። ክርክሩ በአሥርት ዓመታት ተጓተተ። በመጨረሻ በ1990ዎቹ ማብቂያ ላይ 282 ሕንፃዎች ፈረሱ። ወደ 10 ሄክታር የሚጠጋ አስፋልት ተገፎ ወጣ። ማረፊያው ጥቂት ኪሎሜትር ርቆ፣ ዉክሳቺ በሚባል ሴኮያ በሌለበት ቦታ፣ በ1999 ተከፈተ። ከድሮው ከተማ ከቀሩት ጥቂት ቤቶች አንዱ የገበያ አዳራሹ ነው፤ ዛሬ ሙዚየም ነው። የሚያስጎበኘውም ሌላ አይደለም፤ "እዚህ ምን አጥፍተን ነበር?" የሚለውን ጭምር ነው።

እኔ ከዛፉ ይልቅ የገረመኝ ይህ ነው። መንግሥት የሠራውን፣ ነጋዴ የሚያተርፍበትን፣ ሕዝብ የሚወደውን ነገር "ተሳስተናል" ብሎ ማፍረስ! በእኛ አገር የቱሪዝም ሪፖርት ላይ "ይህን ያህል ሕንፃ ከደን አስወጣን" የሚል መስመር አንብባችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላነበብኩም። የኛ ሪፖርት "ይህን ያህል ክፍል ገነባን፣ ይህን ያህል ችግኝ ተከልን" ነው። በ2019 በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ተብሎ በመንግሥት ተነግሮናል። መትከሉን አልቃወምም፤ እኔም ተክያለሁ። ግን የቆሙትን አዛውንት ዛፎች በስምና በቦታ የቆጠረ ማን ነው? ችግኝ በሚሊዮን እየቆጠርን የአራት መቶ ዓመት ጥድ አንድ ሲጎድል የማናውቅ ከሆነ፣ ሒሳባችን የት ላይ ነው?

"እኛ እንደነሱ ያለ ዛፍ የለንም" እንዳትሉኝ። የሴኮያና የሐበሻ ጥድ በዕፅዋት ምደባ የአንድ ቤተሰብ አባላት ናቸው። የመናገሻ ሱባ ደን በአፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ የዛሬ 600 ዓመት ገደማ፣ ከወፍ ዋሻ በመጣ የጥድ ዘር እንደተተከለ ይነገራል። ካሊፎርኒያ የመጀመሪያውን የዛፍ ፓርክ ከማወጇ አራት መቶ ዓመት በፊት ማለት ነው። ባሌ ተራሮች በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ሐረና ደን በውስጡ አለ። የቤተክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ያሉትን ጥድና ወይራዎች ደግሞ እናንተው ታውቋቸዋላችሁ። ዛፍ መጠበቅን ከማንም አልተማርንም። የረሳን እኛ ነን።

አሁን የሚመጣብኝን ክርክር አስቀድሜ ልመልስ።

"እነሱ ሀብታም ናቸው፤ ገንብተው ማፍረስ ይችላሉ።" ትክክል። ለዚህ እኮ ነው የምጮኸው! እኛ ሁለት ጊዜ መክፈል አንችልም። አንዴ ለመገንባት፣ አንዴ ለማፍረስ የሚሆን ብር ከየት ይመጣል? በደን ውስጥ ሕንፃ አለመገንባት ግን ሳንቲም አያስወጣም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ዛሬ በጥድፊያ የምንሠራውን ነገ ልጆቻችን ያፈርሱታል፤ ዛፉን ግን አይመልሱትም።

"ወጣቱ ሥራ ይፈልጋል።" እኔም ከዚያው ወጣት ነኝ፤ ቋሚ ደመወዝ የለኝም። ግን ገንዘቡ የት እንደሚቀር እንይ። ሴኮያ ፓርክ 282 ሕንፃ ካፈረሰ በኋላም በዓመት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ጎብኚ ይገባዋል። ያ ሰው ትሪ ሪቨርስና ቪሳሊያ ያድራል፤ እዚያ ይበላል፣ እዚያ ቤንዚን ይቀዳል። እኛም ቁርስ የበላነው፣ ቡና የጠጣነው እዚያ ነው። ሎጁ ደኑ መሃል ሲሆን ግን እንግዳው በሎጁ መኪና ገብቶ፣ በሎጁ ምግብ ቤት በልቶ፣ በሎጁ መኪና ይወጣል። ከደኑ በር ላይ ቆሎና ማር ይዛ የምትጠብቀው እናት አቧራው ብቻ ነው የሚደርሳት። ሎጁን ወደ ከተማዋ አምጡት፤ ሥራው ይበዛል እንጂ አያንስም።

"አሜሪካኖቹም አልቻሉበትም፤ ዛፋቸው ተቃጠለ።" ይህኛው ከባድ ክርክር ነው፤ አልሸሸውም። እውነት ነው፣ በ2020ና በ2021 በተነሱት ቃጠሎዎች በዓለም ካሉት ትልልቅ ሴኮያዎች ከ13 እስከ 19 በመቶ የሚሆኑት እንደሞቱ ፓርኩ ራሱ ገምቷል። ጄኔራል ሸርማንን ሥሩ አካባቢ በአሉሚኒየም ፎይል ጠቅልለው እንደ ሕፃን ሲጠብቁት ዓለም በዜና አይቷል። ለምን ደረሰ? አንዱ ድርቁና ሙቀቱ ነው። ሌላው የራሳቸው ጥፋት ነው። የቀደሙት የአካባቢው ሕዝቦች ጫካውን በየጊዜው በትንንሽ እሳት ያጸዱት ነበር። እነሱን ገፍተው፣ እሳትን ሁሉ ጠላት አድርገው ለአሥርት ዓመታት ሲያጠፉ ቁጥቋጦው ተከመረ። ስህተቱን ያወቁት በ1960ዎቹ ነው፤ በ1968 በሴኮያ አውቀው እሳት መለኮስ ጀመሩ። በ2021 ጃየንት ፎረስት ከሌሎቹ በተሻለ የተረፈው ይህ አስቀድሞ የተለኮሰ እሳት ስለነበረ ነው ይላሉ ባለሙያዎቹ። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይኸው ነው። የእንግዳ ቤት የታጨቀበት ጫካ ውስጥ ደግሞ ይህን ሥራ እንደልብ መሥራት አይቻልም።

ከዚህ ለእኛ የሚሆን ሁለተኛ ትምህርት አለ። የአካባቢውን ሰው አስወጥቶ ደን መጠበቅ ራስን ማታለል ነው። እኛ አገር ገበሬ ከፓርክ ሲነሳ "ለተፈጥሮ ሲባል" ይባላል። የግጭ ነዋሪዎች ከሰሜን ተራሮች ፓርክ ተነስተው ደባርቅ ሠፍረዋል። በሌላ በኩል ባለሀብት ደን ውስጥ ሲገባ "ለቱሪዝም ሲባል" ይባላል። ላሙን ለማሰማራት የገባው ወጥቶ፣ ጄኔሬተር ይዞ የገባው የሚቀር ከሆነ፣ የጠበቅነው ደኑን ነው ወይስ ቦታውን?

"አንተ ፀረ ልማት ነህ።" ይህን ለለመደው እተወዋለሁ።

ታዲያ ምን ይደረግ? ተቃውሞ ብቻ ጽፎ መሄድ ስለማልወድ አራት ነገር ላስቀምጥ።

1. በነባር የተፈጥሮ ደን ውስጥ የማደሪያ ሕንፃ ፈቃድ ይቁም። ሎጅ የሚፈልግ ባለሀብት ከደኑ ውጭ፣ ቅርብ ያለችው ከተማ ላይ ይሥራ። ከደኑ ውስጥ የእግር መንገድ፣ አጥርና መጸዳጃ ይበቃል።

2. መኪና ከደኑ በር ላይ ይቁም። ከዚያ በእግር፣ አቅም ለሌለው በፓርኩ ሚኒባስ። ሸርማንን ያየ ሁሉ በእግሩ ወርዶ ነው ያየው፤ ለአቅመ ደካማ የተለየ መግቢያ አለ። ማንም አልሞተም።

3. አዛውንት ዛፎች ይቆጠሩ። እያንዳንዱ ቁጥር፣ ቦታና ልኬት ይኑረው፤ መዝገቡም ለሕዝብ ክፍት ይሁን። ዛፍ ሲቆረጥ "ለምን?" ብለን ስንጠይቅ የምናመሳክረው ነገር ይኑረን።

4. የደኑ ጎረቤት ከመግቢያው ገንዘብ ድርሻ ይኑረው፤ በአስተዳደሩም ወንበር ይኑረው። ያንን ጉቶ ያሳዩኝ ሽማግሌ ስብሰባ ላይ ድምፅ ቢኖራቸው ኖሮ ጥዱ ዛሬ ቆሞ ነበር።

እናንተም የቤት ሥራ አላችሁ። ደን መሃል ካለ ሎጅ በረንዳ ላይ ሆናችሁ ፎቶ ከመለጠፋችሁ በፊት ጀርባውን ዞር ብላችሁ እዩ። ጉቶ ካለ የጉቶውን ፎቶ ለጥፉ።

ከፓርኩ ስንወጣ የአክስቴ ልጅ ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ነዳ። ትሪ ሪቨርስ ስንደርስ "ልጅ ሆነን እኛ ሠፈር ቤተክርስቲያኑ ጋ የነበረው ጥድ አለ እንዴ?" አለኝ። ቅዳሴ ሲረዝምብን ሥሩ ተቀምጠን የምንጫወትበትን ነው የሚጠይቀኝ። "አለ" አልኩት። ወደ አገር ከተመለስኩ በኋላ መጀመሪያ ያደረግኩት ሄጄ ማየት ነው። አለ። ግን ከአጥሩ ውጭ፣ ሥሩ በተዘረጋበት በኩል፣ ለግንባታ አሸዋና ጠጠር ተራግፏል።

አስተያየታችሁን ከስር ጻፉልኝ። በአካባቢያችሁ ያለ አዛውንት ዛፍ ካለም ቦታውንና ፎቶውን ላኩልኝ፤ መንግሥት እስኪቆጥር እኛ እንጀምር።